ወደ አንገት አጥንት የሚወስደው መንገድ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1945 ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ጆርጅ ፓተን በጀርመን፣ ማንሃይም ከተማ አጠገብ ወደ አደን ሲሄዱ የተሳፈሩባት ካዲላክ ከአንድ ወታደራዊ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨች። ግጭቱ ቀላል የሚባል ነበር፤ አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ይህ ነው የሚባል ጉዳት አልደረሰባቸውም። ፓተን ግን ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተወርውረው ጭንቅላታቸውን ተመቱ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ሃይደልበርግ በሚገኘው የጦር ሆስፒታል የተነሡት ራጅ በሦስተኛውና በአራተኛው የአንገት አጥንት አካባቢ ስብራትና መንሸራተት መኖሩን አሳየ።

ሠራዊቱ ወዲያው ሐኪም ፍለጋ ገባ። ከእንግሊዝ የኦክስፎርዱ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ ተጠርተው መጡ። ከአሜሪካ ደግሞ የኬንታኪው ግሌን ስፐርሊንግ ከጄኔራሉ ባለቤት ጋር ውቅያኖስ ተሻግረው ደረሱ። ስፐርሊንግ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1944፣ ከዊልያም ስኮቪል ጋር ሆነው የተንሸራተተ የአንገት ዲስክ ለትከሻና ለክንድ ሕመም የተለመደ ምክንያት መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። አንገትን ወደ ጎን አዘንብሎ ከላይ ጫን በማድረግ የነርቭ መቆንጠጥን ለማወቅ ዛሬም በየክሊኒኩ የሚሠራበት ምርመራ የሚጠራው በእሳቸው ስም ነው። በዚያ ዘመን ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የተሻለ የአንገት አዋቂ ማግኘት አዳጋች ነበር።

ይሁን እንጂ ፓተን ቀዶ ሕክምና አልተደረገላቸውም። ጭንቅላታቸው በብረት መያዣ ተይዞ በክብደት እንዲሳብ ተደረገ፤ መያዣው አልጸና ሲል ደግሞ በጉንጫቸው አጥንት ሥር መንጠቆ ገባ። ጄኔራሉ ዳግመኛ ፈረስ መጋለብ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ስፐርሊንግም አይችሉም ብለው እቅጩን ነገሯቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዲሴምበር 21፣ ፓተን ወደ ሳንባቸው በገባ የረጋ ደም ሳቢያ አረፉ።

የአንገት ቀዶ ሕክምና ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው አዲስ መሣሪያ የሠራው ወይም አዲስ ስልት ያመጣው ሰው ነው። የፓተን ሕመም የሚያሳየው ሌላውን ገጽ ነው። በሙያው አንቱ የተባለ ሐኪም ተፈልጎ ተገኘ፤ እሱም መርምሮ ቢላ ላለማንሳት ወሰነ። በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉም የሚከብደው ምንጊዜም ውሳኔው ነበር፦ የቱ አንገት ይከፈት? የቱ ይቆይ? ማንስ ይክፈተው? ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ውስጥ የኤምአርአይ ውጤቱን በፖስታ ይዞ የሚጨነቅ ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ቢያንስ 3,600 ዓመት ዕድሜ አለው።

በ1862 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ግብፅ፣ ሉክሶር ውስጥ አንድ ጥቅል ፓፒረስ ገዛ። ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተገለበጠ ነው፤ መነሻ የሆነው ድርሰት ግን ከዚያም ብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቀድም ሊቃውንት ያምናሉ። ጀምስ ሄንሪ ብሬስተድ ተርጉመው በ1930 ካሳተሙት በኋላ የሕክምናው ዓለም በመገረም አነበበው። ውስጡ የ48 ጉዳተኞች ገለጻ አለ፤ ከራስ ቅል ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። ከ29ኛው እስከ 33ኛው ያሉት አምስቱ ስለ አንገት ናቸው።

የግብፁ ሐኪም እያንዳንዱን ጉዳተኛ ከመረመረ በኋላ ከሦስት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል፦ አክመዋለሁ፣ እታገለዋለሁ፣ ወይም አይታከምም። አንገቱ ወለም ያለውን ሰው አክመዋለሁ ይላል። የአንገት አጥንቱ ከቦታው ወጥቶ እጅና እግሩን የማያውቀውን፣ ሽንቱ ሳይታወቀው የሚወርደውን ሰው ግን አይታከምም ብሎ ይፈርዳል። ይህን ፍርድ እንደ ጭካኔ የሚያዩት አሉ፤ እንደዚያ ማየቱ ግን ትክክል አይመስልም። ያ ሐኪም የሰውየውን አካል በጥንቃቄ ዳስሶ፣ የአንገት ጉዳት ከእግር መስነፍ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተረድቶ፣ የችሎታውን ወሰን በሐቀኝነት የጻፈ ሰው ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ይህን ሐቀኝነት ለመመለስ ረጅም ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

በ2ኛው መቶ ዘመን ጴርጋሞን ላይ የግላዲያተሮች ሐኪም የነበረው ጌለን ደግሞ ነገሩን በእንስሳት ላይ ፈተነው። ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደውን ሕብለ ሰረሰር በተለያየ ቦታ እየቆረጠ ምን እንደሚደርስ መዘገበ። ከአንገት አናት ላይ ሲቆረጥ እንስሳው ወዲያው መተንፈስ ያቆማል፤ ዝቅ እያለ ሲሄድ የሚሽመደመደው አካልም አብሮ ዝቅ ይላል። በ7ኛው መቶ ዘመን የኤጊናው ጳውሎስ ሕብለ ሰረሰርን የሚጫን የተሰበረ አጥንት ካለ ተከፍቶ እንዲወጣ መከረ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ማደንዘዣም ሆነ ከመመርቀዝ የሚያድን ዘዴ በሌለበት ዘመን ግን ተግባራዊ ማድረግ አዳጋች ነበር። በ1814 ሎንዶን ላይ ሄንሪ ክላይን አንድ ጀርባው የተሰበረ ሰው ከፍተው ለማዳን ሞከሩ፤ ሰውየው ሞተ። አስትሊ ኩፐር ሙከራውን ደገፉ፣ ቻርልስ ቤል አጥብቀው ተቃወሙ፣ ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት በሁለት ጎራ ተከፍለው ተከራከሩ። ክርክሩን ማርገብ የጀመሩት በ1846 የመጣው የኤተር ማደንዘዣና በ1867 ጆሴፍ ሊስተር ያስተዋወቁት ቁስልን ከጀርም የመጠበቅ ዘዴ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። በ1887 ሎንዶን ውስጥ አንድ የጦር መኮንን ለሦስት ዓመታት በጀርባ ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ እግሮቹ ደከሙ፤ ከዚያም ፈጽሞ ሽባ ሆኑ። ብዙ ሐኪም አይቶታል፤ ነርቭ ነው ያሉትም፣ ጭንቀት ነው ያሉትም ነበሩ። በመጨረሻ የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ጋወርስ መርምረው ሕብለ ሰረሰሩን የሚጫን እጢ እንዳለና የት አካባቢ እንደሚገኝ ተናገሩ። ራጅ ገና አልተፈለሰፈም፤ ጋወርስ የተመሩት ሰውነቱ የት ላይ እንደሚሰማውና የት ላይ እንደማይሰማው በመዳሰስ ብቻ ነው። ጁን 9 ቀን ቪክተር ሆርስሊ ከፈቱ። መጀመሪያ በከፈቱበት ቦታ እጢው አልተገኘም፤ ወደ ላይ ከፍ ብለው አጥንት ሲጨምሩ ግን አገኙትና አወጡት። መኮንኑ ዳግመኛ በእግሩ ሄደ፣ ወደ ሥራውም ተመለሰ። እጢው የነበረው ከአንገት ዝቅ ብሎ ደረት አካባቢ ነው፤ ሆኖም የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ሁሉ ከዚህ ቀን ይቆጠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የመረመሩት ሌላ፣ የቀደዱት ሌላ ነበሩ። ሁለቱም በየሙያቸው የተካኑ ስለነበሩ ነው ሰውየው የዳነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ውስጥ በርትሆልድ ሃድራ የተሰበረ የአንገት አከርካሪን በሽቦ ጠፍረው አሰሩ። በብረት የታገዘ የአከርካሪ ሕክምና የተጀመረው በዚያች ሽቦ ነው። በ1911 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ በተለይ በሳንባ ነቀርሳ ለተበላ ጀርባ፣ አከርካሪዎችን አጋጥሞ አንድ የማድረግን ዘዴ አመጡ። ዛሬ ፊውዥን የሚባለው ይህ ነው።

የዲስክ ነገር ግን ገና አልተፈታም ነበር። በሁለት አከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚቀመጠው ዲስክ ፈርጦ ወደ ኋላ ሲወጣ ቀዶ ሐኪሞቹ ያዩታል፣ ያወጡታል፤ የሚመስላቸው ግን የልም አጥንት እጢ ነበር። በ1934 የቦስተኖቹ ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር ይህ እጢ ሳይሆን የፈረጠ ዲስክ መሆኑን አስረድተው ጻፉ። ከጠቀሷቸው ሕሙማን ጥቂቶቹ የአንገት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ የዲስክ ቀዶ ሕክምና እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ።

እዚህ ላይ የአንገት ልዩ ችግር ጎልቶ ወጣ። ዲስኩ ያለው ከሕብለ ሰረሰሩ ፊት ነው፤ ቀዶ ሐኪሞቹ የሚመጡት ግን ከኋላ፣ ከማጅራት በኩል ነበር። ወገብ ላይ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ እዚያ ያሉት ነርቮች ቀስ ብለው ቢገፉ ይታገሣሉ። አንገት ላይ ያለው ሕብለ ሰረሰር ግን መገፋትን አይታገሥም። ወደ ጎን የወጣን ዲስክ ስፐርሊንግና ስኮቪል ባሳዩት መንገድ ከኋላ ማግኘት ይቻላል። በቀጥታ መሐል ላይ ያበጠውን በዚያ በኩል ለማውጣት የሞከሩት ግን አንዳንዴ በእግሩ የገባውን ሕመምተኛ ሽባ አድርገው አስወጥተዋል። የነርቭ ሐኪሙ ራስል ብሬን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1952 ያሳተሙት ሰፊ ጥናት ደግሞ ነገሩን አከበደው። በዕድሜ ምክንያት የሚያረጁት ዲስኮችና በዙሪያቸው የሚያድጉት የአጥንት እሾሆች የብዙ ሰዎችን ሕብለ ሰረሰር ቀስ በቀስ እንደሚጨቁኑ አሳየ። ስለዚህ በሽታው ከታሰበው በላይ የተለመደ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ግን አደገኛ ነበር።

አዲሱ መንገድ የተገኘው ከጉሮሮ በኩል ነው። ለማያውቀው ሰው ነገሩ እብደት ይመስላል። ደም ወደ አንጎል የሚወስደው ትልቁ የደም ሥር፣ የአየር ቧንቧው፣ የምግብ ቧንቧው፣ ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ቀጭን ነርቭ ሁሉም ያሉት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ሆኖም እነዚህ አካላት በስስ ሽፋን እየተለያዩ ነው የተቀመጡት። የደም ሥሩን ወደ ውጭ፣ የአየርና የምግብ ቧንቧዎቹን ወደ መሐል ቀስ አድርጎ የሚገፋ ሐኪም ጡንቻ እምብዛም ሳይቆርጥ በቀጥታ ከአከርካሪው ፊት ይደርሳል። ዲስኩም እዚያው ይጠብቀዋል፤ ሕብለ ሰረሰሩን መንካት ሳያስፈልግ ይወጣል።

ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ ሮበርት ሮቢንሰንና የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ጆርጅ ስሚዝ ይህን መንገድ በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋወቁ፤ በ1958 ደግሞ ሰፋ አድርገው ጻፉበት። ዲስኩን ያወጡና ባዶ በቀረው ቦታ ከሕመምተኛው ዳሌ የተቆረጠች ትንሽ አጥንት ያስገባሉ። በወራት ውስጥ ሁለቱ አከርካሪዎች ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ። የአጥንት እሾሆቹን ግን አይነኩም ነበር፤ መንቀሳቀስ ሲቆም እሾሆቹም በጊዜ ይከስማሉ ብለው ያምኑ ነበርና።

በዚያው በ1958 ሆኖሉሉ ያሉት ራልፍ ክላውርድ የራሳቸውን ዘዴ ይዘው ብቅ አሉ። ክላውርድ ሃዋይ ውስጥ ብቸኛው የነርቭ ቀዶ ሐኪም በነበሩበት ጊዜ፣ በ1941 ፐርል ሃርበር ሲደበደብ፣ ለቀናት ያለ ዕረፍት ጭንቅላት የቆሰሉትን ሲያክሙ የቆዩ ሰው ናቸው። ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ርቀው በደሴት ላይ ስለሚሠሩ የሚያስፈልጋቸውን መሣሪያ ራሳቸው እየነደፉ ያሠሩ ነበር። በእሳቸው ስልት ዲስኩና በዙሪያው ያለው አጥንት በክብ መሰርሰሪያ ይወጣል፤ በዚያ ቀዳዳ ልክ የተቆረጠ ክብ አጥንት ይገባል። ከሮቢንሰንና ከስሚዝ በተለየ ክላውርድ እሾሁንም ዲስኩንም እዚያው አውጥተው ሕብለ ሰረሰሩ ነፃ መሆኑን በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራው የአንገት ፊውዥን የእነዚህ ሁለት ስልቶች ልጅ ነው፤ መንገዱና የአጥንቱ ቅርጽ በአመዛኙ ከባልቲሞር፣ እሾሁን ሳያወጡ አለመዝጋቱ ከሆኖሉሉ የመጣ ነው።

ጃፓኖች ሌላ አቅጣጫ ያዙ። በአገራቸው ከሕብለ ሰረሰሩ ፊት ያለው ጅማት ወደ አጥንትነት የሚለወጥበት በሽታ የተለመደ ነው። ይህ ብዙ አከርካሪዎችን ስለሚያዳርስ ከፊት ገብቶ ሁሉንም ማውጣት ይከብዳል። በ1977 ኪዮሺ ሂራባያሺ ከኋላ ያለውን የአጥንት ጣራ ሳያነሡ በአንድ ጎኑ ብቻ ከፈት አድርገው ለሕብለ ሰረሰሩ ቦታ የሚሰጡበትን ዘዴ አመጡ። ስለዚህ ዛሬ ሕመምተኛው የሚሰማው «ከፊት ነው ወይስ ከኋላ?» የሚለው ጥያቄ ከሐኪሙ ምርጫ ብቻ የሚመነጭ አይደለም። ጫናው ከየት በኩል እንደመጣ፣ ስንት ቦታ ላይ እንዳለ፣ አንገቱ የተፈጥሮ ቅስቱን መጠበቅ አለመጠበቁ መልሱን ይወስኑታል።

አዲሱ መንገድ የራሱን ዕዳ ይዞ መጣ። ድምፅ መጎርነን፣ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ አጥንት በተወሰደበት ዳሌ ላይ ለወራት የሚቆይ ሕመም በየሆስፒታሉ ተመዘገቡ። ሌላው ዕዳ ደግሞ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ሁለት አከርካሪዎች አንድ ከሆኑ የእነሱ እንቅስቃሴ ወደ ጎረቤቶቻቸው ይሄዳል። በ1999 አለን ሂሊብራንድና ባልደረቦቻቸው 374 ሕሙማንን ተከታትለው በየዓመቱ ወደ 3 በመቶ የሚጠጉት በአጎራባች ዲስክ ምክንያት አዲስ ሕመም እንደሚያድርባቸው አሳዩ፤ በ10 ዓመት ውስጥ ወደ ሩብ ያህሉ ይደርሳል ማለት ነው። ከፊሉ ዕድሜ ራሱ የሚያመጣው ነው የሚሉ አሉ። ያም ሆኖ ይህ ግኝት ሰው ሠራሽ ዲስክ እንዲፈለግ አንዱ ምክንያት ሆነ፤ በ2007 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የአንገት ዲስክ ፈቀደ።

ከሁሉም የሚያስተምረው ምዕራፍ ግን ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ አይደለም። በ1980ዎቹ ኤምአርአይ ሲመጣ የአንገት ውስጥ በመስታወት የሚታይ ያህል ግልጽ ሆነ፤ ሐኪምም ሕመምተኛም ፊልሙ ላይ ያዩትን ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ብለው ማመን ጀመሩ። በ1990 ስኮት ቦደንና ባልደረቦቻቸው አንገታቸውን ፈጽሞ የማያማቸውን 63 በጎ ፈቃደኞች ወደ ማሽኑ አስገቡ። ከእነዚህ ጤነኞች በ19 በመቶው ኤምአርአይ ላይ ችግር ታየ። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከሆነው ደግሞ በ28 በመቶው። ስዕሉ ብቻውን ማንንም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊያስገባ እንደማይገባ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። ጋወርስ ያለ ራጅ እጢውን ያገኙት ሰውየውን በመመርመር እንደነበር ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ዛሬም ጥሩ ሐኪም ፊልሙን ከማየቱ በፊት እጁን ዘርግቶ የሕመምተኛውን ክንድ ይይዛል፣ ጉልበቱን ይፈትናል፣ ሲራመድ ያየዋል።

በ1997 ስዊድናዊው ሌናርት ፔርሶን ሌላ ደፋር ጥያቄ ጠየቁ። የተቆነጠጠ ነርቭ ክንዳቸውን ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃያቸው የቆዩ 81 ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሉ፦ ለአንዱ ቡድን ቀዶ ሕክምና፣ ለአንዱ ፊዚዮቴራፒ፣ ለአንዱ የአንገት ኮላር። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተቀደዱት ቶሎ ተሻላቸው። ዓመት ሲሞላ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል ልብ የሚባል ልዩነት አልቀረም። ቀዶ ሕክምና ቶሎ ያሳርፋል፤ ጊዜና እንቅስቃሴም ብዙዎችን ያድናሉ። ሕመሙ ክንድ ላይ ብቻ ለሆነ፣ ጉልበቱ ላልደከመ ሰው ይህ ትልቅ የምሥራች ነው፤ የሚያሳዝነው ለብዙ ሕሙማን ሳይነገር መቅረቱ ነው።

ሕብለ ሰረሰሩ ራሱ ሲጨቆን ግን ሚዛኑ ይለወጣል። በብርኖ የቼክ ሐኪሞች ቀላል ምልክት ያላቸውን ሰዎች በዕጣ ከፍለው ለ10 ዓመት ሲከታተሉ በተቀደዱትና ባልተቀደዱት መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኙም። ጭቆናው ወደ መካከለኛና ከባድ ደረጃ ሲያልፍ ግን፣ በ2013 የታተመውና በሰሜን አሜሪካ 278 ሕሙማንን የተከታተለው የማይክል ፌሊንግስ ጥናት ቀዶ ሕክምና የእጅና የእግርን አቅም በእርግጥ እንደሚያሻሽል አሳየ። በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም በዚሁ ላይ ቆመ፦ መካከለኛና ከባድ ከሆነ ቀዶ ሕክምና፣ ቀላል ከሆነ ቀዶ ሕክምና ወይም በባለሙያ ክትትል የሚደረግ ፊዚዮቴራፒ። እጅ ቁልፍ ለመቆለፍ ሲያቅተው፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲቸግር፣ የእጅ ጽሑፍ ሲበላሽ፣ አካሄድ ሲንገዳገድ የሚደረግ መዘግየት የጠፋውን አቅም ላያስመልስ ይችላል። በዚህ ጊዜ «እስኪ ይለፍ» ማለት ከባድ ስሕተት ነው።

የዚህ ሙያ ባለቤት ማን ነው የሚለውም የራሱ ታሪክ አለው። ሮቢንሰን የአጥንት፣ ስሚዝ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ አንዱ ስለ አጥንቱ መጋጠም፣ ሌላው ስለ ነርቩ ነፃ መውጣት ይጨነቃል። ለብዙ ዓመታት ሁለቱ ሙያዎች ጎን ለጎን ሄደዋል። በ1973 አሜሪካ ውስጥ የአንገት አከርካሪ ምርምር ማኅበር ሲቋቋም የሁለቱም ወገን ሐኪሞች በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ዛሬ በብዙ አገር ሐኪሙ ከየትኛውም ሙያ ቢነሣ አከርካሪ ላይ ተጨማሪ ሥልጠና መውሰዱ ነው የሚታየው። ስለዚህ «አጥንት ነው ወይስ ነርቭ?» ከሚለው ይልቅ «አንገት ላይ ምን ያህል ሠርቷል?» የሚለው ይበልጥ ይጠቅማል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለዘመናት ስብራትና ወለምታ ሲያጋጥም የመጀመሪያው ደጅ የወጌሻ ደጅ ነበር፤ በብዙ ቦታ አሁንም ነው። ለእጅና ለቁርጭምጭሚት የወጌሻ ልምድ ብዙዎችን ጠቅሟል። የአንገት ጉዳት ግን ሌላ ነው። ወድቆ ወይም ተጋጭቶ አንገቱን ያመመው፣ በተለይ እጁ ወይም እግሩ የደነዘዘበት ሰው ሊታሽ፣ ሊጎተት፣ አንገቱ «ወደ ቦታው» ሊመለስ አይገባም።

ዘመናዊው የነርቭ ቀዶ ሕክምና በአገሪቱ ለረጅም ጊዜ በጣት በሚቆጠሩ ሐኪሞች ትከሻ ላይ ነበር። የአገሪቱ ሕዝብ ከ70 ሚሊዮን ባለፈበት በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ። ጥቁር አንበሳና በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል የሚባለው ሚዩንግሰንግ የሥልጠናው ቦታዎች ሆኑ፤ ከኖርዌይና ከአሜሪካ የመጡ አንጋፋ ሐኪሞች እየተፈራረቁ አስተማሩ። ወጣት ሐኪሞች ለዓመታት ወደ ውጭ ሄደው ሳይመለሱ የሚቀሩበት መንገድ በአገር ውስጥ አማራጭ አገኘ። ተመራቂዎቹ በተራቸው አስተማሪ ሆነዋል። በመኪና አደጋና ከከፍታ በመውደቅ አንገታቸው የተሰበረ ሰዎች ዛሬ አገር ውስጥ የሚታከሙት በእነዚህ ሐኪሞች ነው።

ሐኪም ፍለጋ ምን ያህል ርቀት ሊያስኬድ እንደሚችል ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የሪክ ሆደስ ነው። ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የኖሩት እኚህ አሜሪካዊ ሐኪም ጀርባቸው ክፉኛ የጎበጠ ልጆችን ይዘው የሚወስዱበት ሲያጡ ያገኟቸው ጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ናቸው። ኒው ዮርክ ውስጥ አንቱ የተባሉት ቦአቺ በ1998 ፎኮስ የተባለ ድርጅት መሥርተው በ2012 አክራ አጠገብ የአከርካሪ ሆስፒታል ከፈቱ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች እዚያ ሄደው ቆመው ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሳምንታት በራስ ቅላቸው ላይ የብረት ቀለበት ታስሮ በክብደት ይሳባሉ። ቀለበቱ ሄሎ ይባላል፤ በ1959 ጃክሊን ፔሪና ቨርነን ኒከል ካሊፎርኒያ ውስጥ በፖሊዮ ምክንያት አንገታቸው ራሳቸውን መሸከም ላቃታቸው ሕሙማን የሠሩት ነው። በሽታው ሌላ፣ አገሩ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ ሆኖ ሳለ መሣሪያው ዛሬም ልጆችን ያድናል።

አቅም ያላቸው ብዙዎች ደግሞ ወደ ባንኮክና ወደ ሕንድ ይሄዳሉ። ወደዚያ መሄድ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ክትትል ከቀዶ ሕክምናው እኩል ዋጋ አለው። ድምፅ ቢጎረንን፣ ቁስል ቢያመረቅዝ፣ ብረቱ ቢላላ የሚያየው ሐኪም ቅርብ መሆን አለበት። ውጭ አገር የታከመ ሰው የኤምአርአይ ሲዲውን፣ ምን እንደተሠራና ምን ዓይነት ብረት እንደገባ የሚገልጸውን የቀዶ ሕክምና ሪፖርት ሳይዝ አውሮፕላን ሊሳፈር አይገባም። ያለዚያ የአገር ቤቱ ሐኪም ችግር ሲገጥም በጨለማ ነው የሚሠራው።

አንገቱን ለቀዶ ሕክምና የሚያቀርብ ሰው ሐኪሙን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ሕመሜን የሚያመጣው ፊልሙ ላይ የሚታየው ነገር መሆኑን በምን አረጋገጡ? ነርቭ ብቻ ነው የተጫነው ወይስ ሕብለ ሰረሰሩም? ሦስት ወር ብቆይ ምን አጣለሁ? ከፊት የሚገቡት ወይስ ከኋላ፣ ለምንስ? በዓመት ስንት እንዲህ ዓይነት አንገት ይሠራሉ? ከእነሱ ውስጥ ያልተሳካላቸው ምን ሆኑ? ጥሩ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም፤ ተረጋግቶ ይመልሳል፣ አንዳንዴም መልሱ «አሁን አያስፈልግህም» የሚል ይሆናል። ለመመለስ የሚቸኩል ወይም የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመ ሕመምተኛው ፊልሙን ይዞ ሌላ ሐኪም ማማከር ሙሉ መብቱ ነው፤ ሐኪሙም ፊልሙንና ሪፖርቱን ሊሰጠው ይገባል።